የጓሮ ዝናብ ውሃ፦ ከጣሪያ እስከ ሥር

ገና ደረቅ ሳለ፦ ልኬት

ዝናብ በማይታመንበት አካባቢ የጓሮ ሥራ የሚጀመረው ደመና ሲታይ አይደለም። ሰማዩ ጥርት ብሎ መሬቱ ዶማ አልቀበል ባለበት ጊዜ ነው። ዝናቡ ከመጣ በኋላ ለመለካትም ለመቆፈርም ፋታ አይገኝም። ስለዚህ ይህ ማስታወሻ ከሜትርና ከወረቀት ይጀምራል።

የሥራው ሁሉ መነሻ አንድ ቀላል ስሌት ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ይህ ከተያዘ የቀረው ማባዛት ነው። የቤታችን ጣሪያ 9 በ6 ሜትር ነው፤ 54 ካሬ። የሚለካው የቆርቆሮው ተዳፋት ሳይሆን ጣሪያው ከላይ ሲታይ የሚሸፍነው ስፋት ነው። ቆርቆሮ ከወረደበት ዝናብ 85 በመቶ ገደማውን ወደ አሸንዳ ያደርሳል። የቀረው ይረጫል፣ ይተናል፣ በየመገጣጠሚያው ይፈሳል። እንግዲህ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል ወደ 460 ሊትር እናገኛለን ማለት ነው። በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚዘንብበት ቦታ እንኳ ከእንደዚህ ዓይነት ጣሪያ ከ18,000 ሊትር በላይ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ውሃ ነው እንግዲህ በየዓመቱ አጥር ሾልኮ የሚሄደው።

ድርቅ የሚያጠቃው አካባቢ ችግሩ የዝናቡ ማነስ ብቻ አይደለም። አመጣጡም ነው። በጥቂት ከባድ ዝናብ ይወርድና ከዚያ ለሳምንታት ድምፁን ያጠፋል። ስለዚህ እቅዱ ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት። ሲጥል የት እናስቀምጠው? ሲጠፋስ በምን እንሻገር?

ውሃ ማቆር ሲባል አብዛኛው ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ትልቅ የፕላስቲክ ታንከር ነው። እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ታንከር አፈሩ ራሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥራውንም በዚያው መሠረት አቅጃለሁ። መካከለኛ አፈር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ተክል ሊጠቀምበት የሚችል 150 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። አሸዋማ ከሆነ ያንሳል፤ ሸክላነት ካለው ትንሽ ይጨምራል። ጓሯችን 50 ካሬ ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ድረስ ብናረጥበው 7,500 ሊትር ይሆናል። ልናስቀምጥ ያሰብነው ታንከር ግን 5,000 ሊትር ነው። በዚያ ላይ አፈሩ አይሰነጠቅም፣ ቧንቧ አይፈልግም፣ ውሃውን በቀጥታ ሥሩ ጋ ነው የሚያስቀምጠው። ቅደም ተከተሉ እንግዲህ መጀመሪያ መሬቱ፣ ቀጥሎ ጣሪያው፣ መጨረሻ ታንከሩ ሆነ።

አፈሩ በምን ፍጥነት እንደሚጠጣ ለማየት 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሬ ውሃ ሞላሁበት። ሲያልቅ ደግሜ ሞላሁ። ደረቅ አፈር መጀመሪያ ላይ በጥማት ስለሚጠጣ የመጀመሪያው ሙሌት ልክ አይደለም። የሚታመነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሰዓት 4 ሴንቲ ሜትር ወረደ። ጓሮው ላይ ልንቆፍር ያሰብነው 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ በዝናብ ቢሞላ በ5 ሰዓት ገደማ ይጠጣል ማለት ነው። ጥሩ ነው። ከአንድ ቀን በላይ የሚቆም ከሆነ ሥር ይታፈናል፤ ገንዳውን ጥልቀቱን ቀንሶ ማስፋት ይሻላል። ትንኝ ደግሞ ከእንቁላል ተነስቶ ለመብረር በሞቃት ቦታ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። በሰዓታት የሚደርቅ ገንዳ አይመቸውም።

የውሃውን መንገድ ማግኘት

ዓይን በመሬት ላይ አይታመንም። ሜዳ የሚመስለው ጓሮ ሲለካ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው 35 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል።

የለካሁት በኤ ፍሬም ነው። ሁለት እኩል የሆኑ የ2 ሜትር እንጨቶች አናታቸው ላይ ይታሰራሉ። ሌላ እንጨት መሃላቸው ላይ አግድም ይመታል። ከአናቱ ድንጋይ የታሰረበት ክር ይንጠለጠላል። ከዚያ ሁለቱ እግሮች መሬት ላይ ያረፉበት ቦታ ምልክት ይደረግና ክሩ አግድሙን የሚነካበት ላይ ይሰመራል። እግሮቹን አቀያይሮ በዚያው ምልክት ላይ ማቆምና እንደገና ማስመር ነው። የሁለቱ መስመሮች መሃል እኩል ከፍታን ያሳያል። ከዚህ በኋላ መሣሪያውን እግር በእግር እያራመዱ፣ ክሩ መሃሉ ላይ ባረፈ ቁጥር ችካል መትከል ነው። ችካሎቹን ያገናኘው መስመር ተዳፋቱን በእኩል ከፍታ አቋርጦ ይሄዳል። ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ብርሃን አስተላላፊ ጎማም ይሠራል፤ እሱ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል።

መስመሮቹን ካወጣሁ በኋላ ያለፈው ጎርፍ የተወውን ምልክት ተከትዬ ሄድኩ። ገለባ የተሰበሰበበት፣ ደለል የተኛበት፣ የዛፍ ሥር የተራቆተበት ቦታ ሁሉ ይናገራል። ውሃ በተፈጥሮው የት መሄድ እንደሚፈልግ እዚያ ተጽፏል።

ሁለት ክልክል ቦታዎችም ካርታው ላይ ገቡ። ከቤቱ መሠረት 3 ሜትር እስኪርቅ ድረስ ምንም ውሃ አይጠራቀምም። መጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብም እንዲሁ። በዚህ ላይ አልደራደርም። አትክልት ለማጠጣት ተብሎ ግድግዳ አይሰነጠቅም።

ቁፋሮ

ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ነው የሚሠራው። ላይኛው ገንዳ ያልያዘውን ሁለተኛው ይቀበላል፤ ሁለተኛው ያልያዘውን ሦስተኛው። እያንዳንዱ 3 ሜትር ርዝመት፣ 1.5 ሜትር ስፋት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። ሲሞላ 900 ሊትር ይይዛል። የወጣው አፈር ቁልቁል በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ ይከመርና በእግር በደንብ ይረገጣል፤ ክትሩ ይህ ነው። የገንዳው ወለል ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያዘመመ እንደሆነ ውሃው አንድ ጥግ ላይ ይሰበሰብና የቀረው ቦታ ይደርቃል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሰጠሁት ማስተንፈሻውን ነው። ገንዳ የሚፈርሰው ውሃ በዝቶበት ብቻ ሳይሆን የተረፈው የሚወጣበት በር ስላልተበጀለት ነው። ማስተንፈሻው ከክትሩ አናት 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጠፈ። ውሃው ሲወርድ የሚያርፍበት ቦታም ድንጋይ ተደረገለት። የሦስቱ ገንዳዎች ማስተንፈሻ በአንድ ትይዩ አይደለም። አንዱ በግራ፣ ቀጣዩ በቀኝ ነው። ውሃው በጓሮው ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር የሚጠጣው ይበዛል።

በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ የቡርኪናፋሶው ገበሬ ያኩባ ሳዋዶጎ ከሐሳቤ አይወጣም። በ1980 አካባቢ፣ ድርቅ ብዙ ሰው ከመንደሩ ባፈናቀለበት ጊዜ፣ እሱ ዛይ የሚባለውን የቆየ የጉድጓድ አሠራር አሻሻለ። ጉድጓዶቹን ሰፋና ጠለቅ አደረጋቸው፤ በደረቁ ወቅት ቆፍሮ ፍግ ጨመረባቸው። ፍጉ ምስጥ ይጠራል፤ ምስጡ አፈሩን ይበሳሳል፤ ውሃው በዚያ ይሰርጋል። ተራቁቶ የደረቀ መሬት ላይ እህል ብቻ ሳይሆን ደን አበቀለ። በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብሏል። ዋናው መሣሪያው ዶማ ነበር። እኔም ከእሱ የወሰድኩት ፍጉን ነው። በየገንዳው ወለል ላይ አንድ እጅ ያህል ብስባሽ ከአፈሩ ጋር ተቀላቀለ።

የአትክልት መደቦቹም ከመሬት ዝቅ ያሉ ናቸው። መደብ ከፍ ይደረጋል የሚለው ምክር ውሃ ለሚበዛበት ቦታ ነው። ደረቅ አካባቢ ላይ ከፍ ያለ መደብ በአራቱም ጎን ይደርቃል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት የሚኖሩት ዙኒ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ የሚተክሉት በዝቅተኛ የአፈር ግድግዳ በተከበቡ ትናንሽ አራት ማዕዘን ጎድጓዳ መደቦች ውስጥ ነው። ግድግዳው ውሃውን ይይዛል፣ ችግኙንም ከንፋስ ይከልላል።

ለዛፎቹ ግን ሌላ ሕግ አለ። ሎሚዋ የተተከለችው ገንዳው ወለል ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ በተተወ ደረጃ ላይ ነው። ግንዷ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል። ሥሯ ውሃውን ፈልጎ ይደርስበታል።

በመጨረሻ ጉዝጓዝ። ደረቅ ሣር፣ ቅጠል፣ የተከተፈ ቅርንጫፍ፣ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት። ራቁት አፈር ላይ የሚወርድ ከባድ ጠብታ አፈሩን ይደቀድቅና ላዩን ይደፍነዋል፤ ከዚያ ውሃው ከመስረግ ይልቅ ይንሸራተታል። ጉዝጓዝ ይህን ያቆማል፤ ትነቱንም ይቀንሳል። ከግንዱ ግን ትንሽ ይራቅ።

ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ ታንከር

መጀመሪያ ጣሪያው ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። እርሳስ ያለበት ቀለም የተቀባ ወይም የአስቤስቶስ ጣሪያ ከሆነ ለሚበላ አትክልት አልመክርም። የእኛ ንጹሕ ቆርቆሮ ነው። ያም ሆኖ ይህ ውሃ ለጓሮ እንጂ ለመጠጥ አይደለም። ወፍ የሚያርፍበት ጣሪያ ነው።

ለአሸንዳ የሚሠራ ልምድ አለ። ለእያንዳንዱ የጣሪያ ካሬ ሜትር 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር የአሸንዳ አፍ ስፋት፣ ማለትም ወርዱ በጥልቀቱ ተባዝቶ። ጣሪያችን ሁለት ክንፍ ስላለው በአንዱ በኩል 27 ካሬ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 7 ጥልቀት ያለው አሸንዳ ከበቂ በላይ ነው። ትርፉ ለከባድ ዝናብ ይሁን። ዝንባሌው በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ተደረገ። ከዚያ በላይ ከሆነ ጫፉ ከቆርቆሮው በጣም ይርቅና ውሃው ዘሎት ያልፋል።

ከብዙ ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን፣ ቅጠሉን፣ የወፍ ኩሱን ሁሉ ይዞ ነው የሚወርደው። ይህን ወደ ታንከር ማስገባት የለብንም። ለጓሮ ውሃ የመጀመሪያውን ግማሽ ሚሊ ሜትር መጣል ይበቃል። ለ54 ካሬ 27 ሊትር ነው። ብዙዎች ይህን ቆሞ በተዘጋ ቧንቧ ለማድረግ ይሞክራሉ። ይሁንና 110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በሜትር 9 ሊትር ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው፤ 3 ሜትር ቧንቧ ለማቆም ደግሞ ቦታው የለንም። ስለዚህ 30 ሊትር የሚይዝ በርሜል ተደረገ። ውሃው መጀመሪያ ወደ እሱ ይገባል። ሲሞላ ውስጡ ያለች ኳስ ተንሳፍፋ አፉን ትዘጋለች፤ ከዚያ ንጹሑ ውሃ ወደ ታንከሩ ያልፋል። በርሜሉ ከታች ጠባብ ቀዳዳ ስላለው ቀስ ብሎ እየተንጠባጠበ ለቀጣዩ ዝናብ ባዶ ይሆናል። ጠብታውም የሎሚዋ ነው።

ታንከሩ ሲሞላ 5 ቶን ይመዝናል። ይህን ለስላሳ አፈር ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። መሬቱ ተደቅድቆ የድንጋይ ግንብ ተሠራለት፤ ላዩ በኮንክሪት ተደመደመ፤ በውሃ ልክ ተፈተሸ። ከመሬት ከፍ ማለቱ ሌላም ጥቅም አለው። 1 ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ግፊት ይሰጣል። ትንሽ ነው፤ ግን ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ጠብታ መስኖ ያለ ፓምፕ እንዲሠራ ይበቃዋል።

የታንከሩ ቀለም ጥቁር ነው። ብርሃን ከገባ አረንጓዴ ዋቅላሚ ያበቅላል። መግቢያውም ማስተንፈሻውም በደቃቅ ወንፊት ተሸፍነዋል፤ ትንኝ በዚያ በኩል አይገባም። የውሃ መክፈቻው ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የገባው። ዝቃጩ ከታች ይተኛ። የማስተንፈሻ ቧንቧው ስፋት ከመግቢያው ጋር እኩል ነው፤ የሚተርፈው ውሃ በቀጥታ ወደ ላይኛው ገንዳ ይሄዳል።

ለምን ክፍት ኩሬ አልሠራሁም? በሞቃትና ደረቅ ቦታ ከክፍት ውሃ በቀን ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይተናል። 10 ካሬ ስፋት ያለው ኩሬ በየቀኑ ከ60 እስከ 80 ሊትር ለፀሐይ ይሰጣል። ደግሞም ልጆች ባሉበት ግቢ ክፍት ጥልቅ ውሃ አልወድም። ለዚህ ክዳን ያለው ነገር ይሻላል።

የመጀመሪያው ዝናብ

መጣ። 6 ሚሊ ሜትር፣ በዝግታ። በርሜሉ ሞላ፤ ውሃው የሻይ ቀለም ነበረው። ከዚያ ወደ ታንከሩ 250 ሊትር ገደማ ገባ። ገንዳዎቹ ውስጥ የቆመ ነገር የለም፤ የወረደውን ሁሉ አፈሩ ጠጣው። አንድ የአሸንዳ መገጣጠሚያ ያንጠባጥብ ስለነበር በሲሊኮን ተደፈነ።

ከባዱ ዝናብ

ስንጠብቀው የነበረው ይሄ ነው። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ 38 ሚሊ ሜትር። ከጣሪያው ብቻ ከ1,700 ሊትር በላይ። ከላይ ካለው 60 ካሬ ከሚሆን የተረገጠ ግቢ ደግሞ ግማሹ እንኳ ቢፈስ 1,140 ሊትር ነው።

ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። በዚህ ሥራ ዝናብ ላይ ቆሞ ማየትን የሚተካ ነገር የለም። ላይኛው ገንዳ ሞላ፤ ማስተንፈሻው ላይ ቀጭን ውሃ ታየ፤ ከዚያ ወፈረ። ሁለተኛው መቀበል ጀመረ። ወረቀት ላይ 900 ሊትር የተባለው 900 ሊትር ሆኖ ሲሠራ ማየት ያስደስታል! ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ውሃው ጥቂት ነበር። ከግቢው ምንም አልወጣም።

በማግሥቱ ገንዳዎቹ ባዶ ናቸው፤ ወለላቸው ላይ ቀጭን ደለል፣ ቅጠልና የከብት ፍግ ተኝቷል። ይህ ጎርፍ ሲሆን የሚታጠበው ለም አፈር ነው፤ አሁን እዚሁ ቀረ። አዲሱ ክትር ረጥቦ በአንድ ቦታ ትንሽ ሰመጠ፤ አፈር ተጨምሮ ተረገጠ። ከማስተንፈሻው ሥር ውሃው መቦርቦር ስለጀመረ ሰፋ ያለ ድንጋይ ተቀመጠበት። ከአዲስ ክትር የሚጠበቅ ነው፤ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ዞሮ ማየት የሥራው አካል ነው።

ደረቁ መሃል

ከዚያ ዝናቡ ጠፋ። ሳምንታት አለፉ። ደመናው ይሰበሰባል፣ ይበተናል። ፈተናው አሁን ነው።

እርጥበቱን የምፈትሸው በቀጭን ፌሮ ነው። በእጅ ወደ አፈር ሲገፋ እርጥቡ ውስጥ ይገባል፣ ደረቁ ጋ ይቆማል። ከገንዳዎቹ ውጪ፣ ያልተሠራበት መሬት ላይ፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር ትንሽ አልፎ ቆመ። ገንዳው ውስጥ 70 ሴንቲ ሜትር ገባ። ያው ዝናብ ነው፣ ያው ግቢ ነው። ሎሚዋ ከታንከሩ አንድ ሊትር ሳትጠይቅ አዲስ ቅጠል አውጥታለች። አፈሩ ትልቁ ታንከር ነው ስል ይህን ማለቴ ነበር።

አትክልቶቹ ግን ሥራቸው አጭር ነው፤ ታንከሩ ለእነሱ ነው። በሞቃት ቀን አንድ ካሬ መደብ 5 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። 20 ካሬ አለን፤ በቀን 100 ሊትር። ሙሉ ታንከር 50 ቀን ያሻግራል ማለት ነው፤ ከጉዝጓዝ ጋር ትንሽ ይረዝማል። የምናጠጣው ማለዳ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከማርከፍከፍ ይልቅ ቀን እየዘለልን በደንብ እናጠጣለን። ላይ ላዩን ብቻ የረጠበ አፈር ውሃውን ለፀሐይ ይሰጣል፤ ሥሩም ወደ ላይ ይመጣና ሙቀቱ ያገኘዋል።

ቲማቲሞቹ መሃል ያልተለበጡ የሸክላ ማሰሮዎች እስከ አንገታቸው ተቀብረዋል። ውሃ ይሞላባቸውና ይከደናሉ። በዙሪያው ያለው አፈር ሲደርቅ ውሃውን በሸክላው ቀዳዳ ይስባል፤ ሲረጥብ መሳቡን ይቀንሳል። በቻይና ከ2,000 ዓመታት በፊት በተጻፈ የግብርና ጽሑፍ ላይ የሚገኝ ዘዴ ነው። ጠብታ መስኖ መዘርጋት ለማይችል ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የታንከሩን ደረጃ በእንጨት ዘንግ ነው የምናነበው። የእኛ ታንከር 1.8 ሜትር ወርድ ስላለው እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 25 ሊትር ነው። ዘንጉ ላይ ምልክት ተደርጓል፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ስምምነታችንም ግልጽ ነው። ግማሽ ላይ ሲደርስ አዲስ ችግኝ አይተከልም። ሩብ ላይ ሲደርስ ቅጠላቅጠሉ ተለቅሞ መደቡ ያርፋል፤ ውሃው ፍሬ ለያዙት ብቻ ይሆናል።

ዝናቡ ሲወጣ

መጨረሻ ላይ ሁለት ጥሩ ዝናብ ተከታትሎ ጣለ። ታንከሩ ሞልቶ ወደ ገንዳው ተረፈ። ወቅቱ እየወጣ ስለሆነ ከዚህ በኋላ የሚጨመር ውሃ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ የሚተከለው በዘንጉ ልክ ነው። 20 ካሬ ብንተክል 50 ቀን። 8 ካሬ ብቻ ብንተክል በቀን 40 ሊትር ነው፤ 125 ቀን ይደርሳል። ሁለተኛው ተመረጠ። 8 ካሬ መደብ እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ሆኖ ቢያፈራ፣ 20 ካሬ መሃል መንገድ ላይ ከሚደርቅ ይሻላል። የቀሩት መደቦች በወፍራም ጉዝጓዝ ተሸፈኑ፤ ያላቸውን እርጥበት ይዘው ይቆያሉ።

እዚህ ላይ የጥንት ናባታውያንን ማስታወስ ይጠቅማል። በዛሬዋ ደቡብ እስራኤል ባለው በኔጌቭ በረሃ፣ በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት ቦታ ያርሱ ነበር። ለአንድ እጅ እርሻ ከ20 እስከ 30 እጅ የሚሆን የኮረብታ ጎን ውሃ እንዲያፈስለት ይተዉ ነበር። የእርሻቸውን ስፋት የወሰነው ያላቸው መሬት ሳይሆን የሚደርሳቸው ውሃ ነው።

አሁን የቀረው ሥራ ይህ ነው። ከገንዳዎቹ ወለል ደለሉ ተነስቶ መደቦቹ ላይ ይበተናል። በርሜሉ ይታጠባል፤ ወንፊቶቹ ይጸዳሉ። የቧንቧ ውሃ ስናጠጣ የከረምንበት የታችኛው ጥግ ላይ ነጭ የጨው ሽፋን ይታያል፤ የዝናብ ውሃ ጨው ስለሌለው ያንን ቦታ አጥቦ ወደ ታች ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ አራተኛው ገንዳ እዚያ ይቆፈራል፤ ችካሎቹ ተተክለዋል፣ የሚመጣው ዝናብ ሳይቀድመን ከነማስተንፈሻው ማለቅ አለበት።